ዳፒፕን በየቀኑ እከፍተዋለሁ፤ ቅርንጫፍ ካምፓስ ላይ ሲደርስ ግን ብቻውን አይበቃም

ሥራዬ የሰው ዲግሪ መጠርጠር ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አመልካቾች ያስገቡትን የትምህርት ማስረጃ አጣራለሁ። መጀመሪያ ስሙን አያለሁ፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ ከዚያ ዲግሪውን የሰጠው ተቋም እውቅና ያለው መሆን አለመሆኑን። ይቺን የመጨረሻዋን ለማየት በቀን ስንት ጊዜ እንደምከፍተው የማላውቀው አንድ ድረ ገጽ አለ። ዳፒፕ ይሉታል። የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር የሚያስተዳድረው፣ እውቅና ያላቸው ኮሌጆች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ፕሮግራሞች የተዘረዘሩበት የመረጃ ቋት ነው። ነፃ ነው። ተመዝገቡ፣ ኢሜይል ስጡ አይልም።

አምስት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። አንዴ አስመስግኖኛል፣ አንዴ ደግሞ አንገቴን አስደፍቶኛል። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ። ለመጻፍ ያስነሳኝ ግን የእህቴ ልጅ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የሚያብረቀርቅ ብሮሸር ይዞ መጣ። ሽፋኑ ላይ የአንድ ስመ ጥር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስም በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ፣ መነጽሬን እስካደርግ ድረስ ባላየሁት ቀጭን ፊደል፣ የሌላ አገር ከተማ ስም አለ። ካምፓሱ ያለው እዚያ ነው። ጀርባው ላይ «ሙሉ እውቅና ያለው» ይላል፤ አጠገቡ የአቤት ዓርማ ታትሟል። አቤት ምህንድስናን፣ ኮምፒውተርንና መሰል ፕሮግራሞችን የሚመዝን የአሜሪካ ድርጅት ነው። ስሙ ለእኛ ጆሮ ያስቃል። የቸገረው ሰው «አቤት» የሚልበት ቦታ ይመስላል።

«አክስቴ፣ አንቺ የምታውቂው ነገር ነው፤ እስቲ እዪልኝ» አለኝ። ሲቪል ምህንድስና ነው የሚፈልገው። ቅጹን ሞልቶ ጨርሷል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። እኔን የፈለገኝ አጣሪልኝ ለማለት ሳይሆን «ጎበዝ» እንድለው እንደሆነ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ብሮሸሩ ላይ ወዳለው ስልክ ደወልኩ። ያነሳው ተማሪ የሚመለምል ወኪል ነው፤ ድምፁ ማር ነው። ቅርንጫፉ እውቅና እንዳለው ጠየቅኩት። «እህቴ፣ ዩኒቨርሲቲው እውቅና አለው። ቅርንጫፉ የዩኒቨርሲቲው ነው። ታዲያ ምኑ ነው የሚጣራው?» አለኝ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል አይደል? የአባት ስም ለልጅ ይሆናል እንደማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚችው ጋ ነው።

ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ዳፒፕ ላይ የዋናውን ዩኒቨርሲቲ ስም ስጽፍ ወዲያው መጣ። ገጹ የእውቅና ሰጪውን (ተቋሙን መዝኖ ያሳለፈውን ድርጅት) ስም፣ እውቅናው የተሰጠበትን ቀን፣ አሁን ያለበትን ሁኔታ ይነግራል። ሁለት ዓይነት እውቅና ለየብቻ ተቀምጧል። አንደኛው የተቋም እውቅና ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በጠቅላላ እንደ ዩኒቨርሲቲ ተመዝኖ ያለፈበት። ሁለተኛው የፕሮግራም እውቅና ነው፤ ሕግ፣ ነርሲንግ፣ ምህንድስና እያሉ ለየሙያው የሚሰጥ። ሰው እነዚህን ሁለቱን እየቀላቀለ ነው ስንት መዘዝ የሚመጣው።

ሌላ የምወደው ነገር ተቋሙ ሥር ያሉት ሌሎች ቦታዎች ለብቻ መዘርዘራቸው ነው። አድራሻቸው ጭምር አለ። ዳፒፕን ከሌሎች የማስቀድመው ለዚህ ነው። ሌላው ቦታ የዩኒቨርሲቲውን ስም አይታችሁ ትወጣላችሁ፤ እዚህ ግን ግቢውን ማግኘት ትችላላችሁ።

አንድ የሥራ ምስጢር ልስጣችሁ። የአሜሪካ ተቋማት ለተማሪዎች የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ሲመዘገቡ ስምንት አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር ይሰጣቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች ተቋሙን ይለያሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ቦታውን ይለያሉ። 00 ከሆነ ዋናው ነው። 01፣ 02፣ 06 ወይም ሌላ ከሆነ ከዋናው ሥር የተመዘገበ ቦታ ነው። አንድ ካምፓስ «እኛ ራሳችንን የቻልን ዩኒቨርሲቲ ነን» ብሎ ቁጥሩ በ00 ካላለቀ፣ እኔ ቀና ብዬ ቁጭ እላለሁ።

ወደ ወኪሉ ክርክር ልመለስ። የዋናው እውቅና ለቅርንጫፉ ይተላለፋል ወይ? መልሱ አንዳንዴ አዎ፣ አንዳንዴ በፍጹም ነው። የሚወስነውም ስሙ አይደለም።

ለምሳሌ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን ውሰዱ። አሥር ካምፓስ አለው፤ እያንዳንዱ የራሱን እውቅና ለብቻው ነው የሚይዘው። መርሴድ ያለው ካምፓስ በ2005 ተማሪ መቀበል ሲጀምር በርክሌይ ወይም ሎስ አንጀለስ ያሉት ወንድሞቹ እውቅና ምንም አልረዳውም። እንደ ማንኛውም አዲስ ትምህርት ቤት እጩ ሆኖ ቆይቶ፣ ሙሉ እውቅና ያገኘው በ2011 ነው። ያ ሁሉ ስም ይዞ ስድስት ዓመት!

ፔን ስቴት ደግሞ በተቃራኒው ነው። በመላው ፔንሲልቬንያ የተበተኑ ካምፓሶች አሉት፤ ሁሉም በአንድ የተቋም እውቅና ሥር ናቸው። ፐርዱን እዩ ደሞ። በ2018 ካፕላን ዩኒቨርሲቲን ወስዶ ፐርዱ ግሎባል የሚባል የኦንላይን ዩኒቨርሲቲ አቋቋመ። ስሙ ፐርዱ ነው፤ እውቅናው ግን ከዋናው ፐርዱ የተለየ፣ የራሱ ነው። ሁለቱም በሕግ ፊት ሕጋዊ ናቸው። አንዱን ከሌላው ጋር አንድ አድርጎ መዝገብ ላይ መጻፍ ግን ስህተት ነው፤ እኔም ሠርቼው አውቃለሁ።

እንግዲህ «ቅርንጫፍ» የሚለው ቃል ራሱ በአሜሪካ ደንብ ትርጉም አለው። ከዋናው ግቢ ርቆ ያለ፣ ቋሚ የሆነ፣ ዲግሪ ወይም ሰርተፍኬት የሚያስገኝ ትምህርት የሚሰጥ፣ የራሱ መምህራንና አስተዳደር ያለው፣ የራሱን በጀት የሚያዝና ሰው የሚቀጥር ቦታ ነው ቅርንጫፍ ካምፓስ የሚባለው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ «ተጨማሪ ቦታ» ነው የሚባለው። ተራ የቃል ጨዋታ ይመስላል፤ አይደለም። አዲስ ቅርንጫፍ ካምፓስ ሲከፈት እውቅና ሰጪው የቅርንጫፉን ዕቅድ መመርመር አለበት፤ ቢበዛ በስድስት ወር ውስጥ ደግሞ በአካል ሄዶ ማየት አለበት። ተጨማሪ ቦታም ቢሆን የአንድን ፕሮግራም ግማሽና ከዚያ በላይ እዚያ የሚያስተምሩ ከሆነ ዝም ብሎ አይከፈትም፤ ለእውቅና ሰጪው ይቀርባል። በአጭሩ፣ ዋናው ግቢ እውቅና ስላለው ብቻ ማዶ ላይ የተከራየ ፎቅ እውቅና አለው ማለት አይደለም። አንድ ሰው ያንን ፎቅ አውቆት፣ መዝግቦት መሆን አለበት።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሲሰማ ስልኩን እየነካካ ነበር። «እሺ፣ የእኔው አለ ወይስ የለም?» አለ።

ዳፒፕ ላይ አልነበረም። የቦታዎቹን ዝርዝር ከላይ እስከታች ሁለቴ አየነው። የከተማው ስም የለም። ልጁ ቀለሙ ተለወጠ። እኔ ግን እዚህ ጋ ቆም ማለት ተምሬያለሁ። ዳፒፕ ላይ ያለውን መረጃ የሚያቀርቡት እውቅና ሰጪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሚኒስቴሩ ይሰበስባል እንጂ እውቅና አይሰጥም፤ ለመረጃው ትክክለኛነትም ዋስ እንዳልሆነ ራሱ ጽፏል። ስለዚህ አዲስ የተከፈተ ቦታ ዘግይቶ ሊገባ ይችላል። ወደ እውቅና ሰጪው የራሱ ድረ ገጽ ሄድን። እዚያ ነበረ። ከተማው፣ አገሩ፣ የጸደቀበት ቀን ሁሉ። ልጁ ወንበሩ ላይ ዘና አለ።

«አየሽ?» አለኝ፣ ራሱ የሠራው ይመስል።

«ገና ነው» አልኩት።

የአቤትን ዓርማ አልረሳሁትም። አቤት የራሱ መፈለጊያ አለው፤ ከዳፒፕ ይልቅ ለዓይን የቀለለ ነው። እዚህ ጋ መታወቅ ያለበት፣ አቤት ዩኒቨርሲቲን አይመዝንም። ዲፓርትመንትንም አይመዝንም። አንድን ፕሮግራም፣ ያ ፕሮግራም በሚሰጥበት ቦታ ነው የሚመዝነው። የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የኳታር ካምፓስ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2003 ነው የተከፈተው። የተቋም እውቅናው ከአሜሪካ ካለው ዋናው ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ ነው። የምህንድስና ፕሮግራሞቹን ግን አቤት ለብቻቸው መዝኖ፣ ኳታር የሚል ስም ባለው በራሳቸው መስመር ነው የመዘገባቸው። (ይህ ካምፓስ እስከ 2028 እንዲዘጋ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ በ2024 ወስኗል። ምክንያቱ የእውቅና ጉዳይ አይደለም። እውቅና ካምፓስ እንደማይዘጋ ዋስትና አይሰጥም ለማለት ያህል ነው ያነሳሁት።)

የእህቴን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስም አስገባሁ። ሲቪል ምህንድስና መጣ። አድራሻው አሜሪካ ነው። ከታች ሌላ መስመር ፈለግን፤ የለም። ደግሞስ ሊኖር አይችልም። አንድ ፕሮግራም አቤት እንዲመዝነው ቢያንስ አንድ ተመራቂ ሊኖረው ይገባል። ይህ ካምፓስ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ማን አስመርቆ?

ስለዚህ ብሮሸሩ ላይ ካሉት ሁለት ነገሮች አንዱ እውነት ነው፣ አንዱ የተዋሰ ነው። ዲግሪው ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ እውነተኛ ዲግሪ ነው። የአቤት ዓርማው ግን አሜሪካ ያለው የዋናው ግቢ ነው። ታሪክ ወይም ሥነ ጽሑፍ ለሚማር ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ፈቃድ ያለው መሐንዲስ መሆን ለሚፈልግ ልጅ ግን ትልቅ ነገር ነው። በአሜሪካ ያሉት የፈቃድ ቦርዶች መጀመሪያ የሚጠይቁት ፕሮግራሙ በአቤት የታወቀ መሆኑን ነው። ካልሆነ መንገዱ ይረዝማል።

ወኪሉ ጋ መልሼ ደወልኩ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም።

አሁን አንገቴን ስላስደፋኝ ቀን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የአንድ አመልካች ማስረጃ ጠረጴዛዬ ላይ ወደቀ። ትራንስክሪፕቱ ላይ በጉልህ የተጻፈው ስም የዩኒቨርሲቲው ሳይሆን የአንድ ክፍል ስም ነበር፤ የማታና የተከታታይ ትምህርት የሚሰጠው ዲቪዥን። እኔ ዳፒፕ ላይ የዲቪዥኑን ስም ጻፍኩ። ምንም አልመጣም። ፊደል ለዋውጬ ሞከርኩ። ምንም። ፋይሉ ላይ «እውቅናው አልተረጋገጠም» ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ። በማግስቱ ከዝርዝር ወጣ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰውዬው ራሱ መጣ። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ አልጮኸም። አንድ ደብዳቤ አስቀመጠልኝ፤ ከሬጅስትራሩ የመጣ። ዲቪዥኑ ራሱን የቻለ ተቋም አይደለም፣ ዲግሪውን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነው፣ እውቅናውም የዩኒቨርሲቲው ነው ይላል። ቦታው ግን በሌላ ሰው ተይዟል። ይቅርታ ጠየቅኩት። «ግድ የለም፣ ለሚቀጥለው ሰው ይሁን» ብሎኝ ሄደ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳፒፕ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይኸው ነው። ፋኩልቲ፣ ኤክስቴንሽን፣ ዲቪዥን የሚባሉት በተቋም እውቅና ረገድ የራሳቸው መስመር የላቸውም፤ መኖርም የለባቸውም። ሃርቫርድን እዩ። ኤክስቴንሽን ስኩል የሚባለው ከሃርቫርድ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው፤ እውቅናው የሃርቫርድ እውቅና ነው። ዲግሪው ላይ «በኤክስቴንሽን ጥናቶች» የሚል ስለሚጻፍ ግን የማያውቅ አጣሪ ይደናገራል። ድረ ገጹ «ውጤት አልተገኘም» ከሚል «የፈለጉት የአንድ ተቋም ክፍል ሊሆን ይችላል፤ በዋናው ስም ይሞክሩ» ቢል ስንት ሰው ይተርፍ ነበር። ባዶ ገጽ ለጀማሪ አጣሪ ፍርድ ይመስላል።

ሌሎች ጉድለቶችም አሉ፤ በአጭሩ ላንሳቸው። ስልክ ላይ ለማየት ያስመርራል። አንድ ቦታ መመዝገቡን ይነግራችኋል እንጂ እዚያ ቦታ የትኛው ትምህርት እንደሚሰጥ አይነግራችሁም። ግቢው ካለበት አገር መንግሥት ጋር ስላለው ነገርም ምንም አይልም፤ እሱ ሥራውም አይደለም። የሌላ አገር ቅርንጫፍ ግን ሁለት ጌታ ነው ያለው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አቡ ዳቢ ካምፓስ በ2010 ሲከፈት የአሜሪካውን እውቅና በዋናው ዩኒቨርሲቲ በኩል ይዞ መጥቷል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ግን የራሷ የአካዳሚክ እውቅና ኮሚሽን አላት። ማሌዥያም እንዲሁ ናት። እንደ ሞናሽና ኖቲንግሃም ያሉ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርንጫፎች እዚያ አሉ፤ ፕሮግራሞቻቸው በማሌዥያ የብቃት ኤጀንሲ መዝገብ ላይ ይፈለጋሉ። ስለዚህ ሁለተኛ መስኮት ከፍታችሁ የዚያን አገር መዝገብ ማየት የግድ ነው። የላኪውን አይታችሁ የተቀባዩን ካላያችሁ ግማሽ ነው ያያችሁት።

አንድ ቀን ያስመሰገነኝ ደግሞ ቀኖቹን በመያዙ ነው። እውቅና ሰጪው ራሱ ሊወድቅ ይችላል። አሲክስ የሚባለው እውቅና ሰጪ በነሐሴ 2022 በሚኒስቴሩ ዘንድ የነበረውን ተቀባይነት አጣ፤ በሱ ሥር የነበሩት ኮሌጆች ሌላ እውቅና ሰጪ እንዲፈልጉ 18 ወር ተሰጣቸው። ከዚያ በፊት የተመረቀ አንድ አመልካች ነበረን። አለቃዬ «ትምህርት ቤቱ አሁን የለም» ብሎ ሊጥለው ሲል፣ በተመረቀበት ቀን እውቅናው በቦታው እንደነበር ከዳፒፕ ላይ አሳየሁት። ዛሬ ሰውዬው ከእኔ ሁለት ቢሮ አለፍ ብሎ ይሠራል። ለምን እንደተቀጠረ እሱ አያውቅም።

የከፍተኛ ትምህርት እውቅና ምክር ቤት፣ ቺያ የሚሉት፣ ተመሳሳይ መፈለጊያ አለው። በ1996 የተመሠረተ የግል ድርጅት ነው። ለማንበብ ይቀላል፤ ስለ ዲግሪ ወፍጮዎችም፣ ማለትም ሳያስተምሩ ዲግሪ ስለሚሸጡ ድርጅቶች፣ ጥሩ ማብራሪያ አለው። የግቢዎችን ዝርዝር ለማየት ግን እኔ አሁንም ዳፒፕን ነው የምከፍተው።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት ለስልኩ ነው፤ አንዷን ለዚያ ረጋ ላለ ሰውዬ።

የእህቴ ልጅ ፊርማውን አላኖረም። ለዋናው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር አብረን ኢሜይል ጻፍን። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፦ ዲግሪው ላይ የማን ስም ይጻፋል፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ የቅርንጫፉ ስም ይወጣል ወይ፣ ቅርንጫፉ ለአቤት መቼ ያመለክታል። መልሱ ረቡዕ መጣ። ዲግሪው የዋናው ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ ቦታው ይጠቀሳል። ለአቤት የሚያመለክቱት የመጀመሪያው ተማሪ ከተመረቀ በኋላ ነው፤ ቀን ግን አልቆረጡም። ብሮሸሩ ላይ ስላለው ዓርማ ሲጠቅሱ «እንመለከተዋለን» ብለዋል።

ማታ ላይ ልጁ የሌላ ካምፓስ ሊንክ ላከልኝ። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «አክስቴ፣ ይሄኛው አቤት አለው። አድራሻውን አይቻለሁ። ቁጥሩ በ00 ነው የሚያልቀው።»